ሎሪስ የሠራችው ገበታ

ወዲዓ ባሏን ከቀበረች ወዲህ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየገናው ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ነኽሌ ቤት እየሄደች የበዓሉን ገበታ የምታሰናዳው እሷ ነበረች። ገበታው ሰው ቢጋደምበት የሚበቃ ረጅም ጣውላ ነው። በዘይት የሰጠመ የእርጎ ድቡልቡል፣ በበርበሬ የተንከባለለ ደረቅ አይብ፣ የተፈነከተ አረንጓዴ ወይራ፣ ጣት የሚያህል የወይን ቅጠል ጥቅል፣ ሮማን የተበተነበት ጥብስ ደበርጃን ዙሪያውን ትደረድራለች። መሀል ላይ ክቤው ይቀመጣል፤ በቅንጬ የታሸ ጥሬ የበግ ሥጋ። እሱን በማንኪያ ጀርባ ካስተካከለች በኋላ የስንዴ ዛላ ትስልበታለች። ለመቁረስ ያሳሳል። በዛህሌ ከተማ የነኽሌን ቤት ገበታ ያላወራ አልነበረም።

አምና የነኽሌ ልጅ ታጭታ አማቾቹ ለገና ከቤይሩት መጡ። የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ ኦዴት ገበታውን አይተው፣

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የኔ ነዋ!» አለች ሎሪስ፣ የነኽሌ ሚስት።

«ጓዳ ያየኋቸው ሴትዮስ?»

«እሷማ የባሌ እህት ናት። ምን ይደረጋል፣ ባሏ ሞቶባት በበዓል ብቻዋን እንዳትሆን ለነፍሴ ብዬ እጠራታለሁ። ቢላ ስትይዝ እንኳ እጇ ይንቀጠቀጣል። ናና አስቀነጥሳታለሁ፣ ምሳዋን በልታ ትሄዳለች።»

ወዲዓ ከበሩ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰማች። የሎሪስስ ይሁን፤ ሎሪስ ድሮም አፏ አያርፍም። አንጀቷን የቆረጠው የነኽሌ ነገር ነው። እዚያው ተቀምጦ ነበር። የአገሩ አረቄ ውሃ ሲነካው ይነጣል፤ እሱም ውሃ ጠብ አደረገበት፣ ነጭ እስኪሆን ጠበቀ፣ ጠጣ። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አላለቀሰችም። ናናውን ቀንጥሳ ጨረሰች፣ አጠበች፣ ሄደች። ቂሟን ግን ዓመቱን ሙሉ ይዛው ዋለች፣ ይዛው አደረች። ንስሐ ስትገባ እንኳ ለአባ ቡትሮስ ስለ ሐሜቷና ስለ ጾም መግደፏ ተናገረች እንጂ ይቺን አልነካቻትም። ይቅር በይ እንዳይሏት ፈርታ ነው።

ዘንድሮ ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሎሪስ መጣች።

«እቴ ወዲዓ፣ አማቾቼ ሃያ ሰው ሆነው ነው የሚመጡት። ክቤውን እጥፍ አድርጊው እሺ? አደራሽን፣ እንዳታሳፍሪኝ!»

«መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?» አለች ወዲዓ።

የገና ዕለት ረፋድ ላይ የገበታውን ምግብ የያዙትን ማሰሮዎችና የክቤውን ሥጋ በጎረቤት መኪና ላከች። «እየመጣሁ ነው በሏት» አለች። ከዚያ ውሃ አሙቃ ገላዋን ታጠበች፣ ፀጉሯን ተሠራች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያልነካችውን ወይን ጠጅ ቀሚስ አወጣች። ስልኩ ዐሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ። እያንዳንዱን ጥሪ ሳታነሣ እንደ ዘፈን አዳመጠችው።

ስትደርስ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ገበታው ባዶውን ተዘርግቷል፤ ማሰሮዎቹ አልተከፈቱም። ወዲዓ ሁሉንም ስማ ወይዘሮ ኦዴት አጠገብ ተቀመጠች። ሎሪስ እየሮጠች መጥታ ጆሮዋ ሥር፣

«የት ጠፍተሽ ነው? ቶሎ ግቢ ጓዳ!» አለቻት።

«ምን ልሠራ?» አለች ወዲዓ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ቢላ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል አላልሽም? እኔ ዛሬ እንግዳ ነኝ። ለነፍስሽ ስትይ እስቲ አረቄ ቅጂልኝ።»

ኦዴት አንዴ ወዲዓን፣ አንዴ ሎሪስን አዩ። ሞኝ ሴት አልነበሩም።

«ሎሪስ፣ ያን የስንዴ ዛላ ስትስዪ ማየት በጣም አምሮኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«እዚሁ ፊታችን ትሥራዋ!» አለች ወዲዓ።

ሎሪስ ምን ታድርግ? እጅጌዋን ሰበሰበች። ሥጋው እቤት ውስጥ ቆይቶ ሞቋል፤ በረዶ ውሃ እንደሚፈልግ አታውቅም። ቅንጬውን አበዛችው። ውሃ ጨመረች፣ ቀጠነ፤ ቅንጬ ደገመች፣ ሻከረ። ዛላውን ልትስል ስትል ማንኪያው እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። የኦዴት ባል አንገታቸውን አስግገው፣

«ይሄ ደግሞ የዶሮ እግር ነው?» አሉ። ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ። ሎሪስ ማንኪያውን ጥላ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች።

ነኽሌ ተነሣ። «እታለም፣ በልደቱ ይዤሻለሁ፣ አግዣት። ለኔ ስትይ።»

«ላንተ ስል? አምና አንተ ለኔ ስትል ምን አልክ?»

ነኽሌ የወደቀውን ማንኪያ አነሣ።

«ሲሠራው የኖረው ማነው? ንገራቸው፣ ወንድሜ።»

«እሷ ናት» አለ ነኽሌ። «ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ ናት።»

ሰዉ አሁን ትነሣለች ብሎ ጠበቀ። ወዲዓ አልተነሣችም። ቂጣ ቆርሳ ከዚያ ከተበላሸው ክቤ ዘገነች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

«ጨው ረስተሻል፣ ሎሪስ» አለች።

እንግዶቹ ከየማሰሮው በማንኪያ እያወጡ በሉ። የወንድሟ ልጅ፣ ያቺ የታጨችው፣ እያለቀሰች ወደ መኝታ ቤት ገባች። ወዲዓን ያን ቀን የቆጠቆጣት ይህ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አረቄዋን ከመጨረስ አላገዳትም።

እስከ ፋሲካ ከነኽሌ ቤት ሰላምታ የሚልክላት ጠፋ። እሷ አናጢ ጠርታ የራሷን ጣውላ አስጠረበች፣ ለፋሲካ በራሷ ቤት ገበታ ዘረጋች። ኦዴት ከቤይሩት ድረስ መጡ። ነኽሌ ብቻውን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሎሪስ መኪና ውስጥ ናት» አለ። «ልጥራት?»

ወዲዓ ምርጥ ምርጡን በሰሐን አደረገችለት፣ ወንበር ሳበችለት።

«አትጥራት» አለችው። «ብላ፣ ሥጋው ሳይሞቅ።»