ሩንዳን በኮሽም ስናጥር

ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ሥራ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «የቤት ሠራተኛ በጓሮ በር ነው» አለኝ። ባለችኝ ትንሽ ስዋሂሊ፣ «የመጣሁት ለአትክልቱ ነው» አልኩት። ሳቀ። ያን ጊዜ በናይሮቢ የሀብታም ሰፈሮች አትክልተኛ ማለት ወንድ ማለት ነበር። ሴት አትክልተኛ፣ ያውም ከሆሳዕና የመጣች፣ አይቶ አያውቅም።

ሥራውን ያገኘችልኝ ሳውዝ ሲ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት አክስቴ ወርቅነሽ ናት። የግቢው ባለቤት ማዳም ዋንጂሩ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ሲሆኑ የአክስቴ ደንበኛ ነበሩ። «የእህቴ ልጅ እጇ ያበቅላል» ብትላቸው፣ «ትምጣና ልያት» አሉ።

ዋናው አትክልተኛ ምዜ ንጆሮጌ ይባላሉ። ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌን የማክበሪያ ቃል ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ብዙም አልጠየቁኝ። ትልቁን የአጥር መቀስ አስያዙኝና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አጥሩን ሳየው ሳላስበው፣ «ኮሽም!» ብዬ ጮህኩ። ኬንያዎች ኬይ አፕል ይሉታል። የእኛው ኮሽም የሥጋ ዘመድ ነው፤ እሾሁም ያው፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆነው ጎምዛዛ ፍሬውም ያው።

«ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«የአባቴ ግቢ የታጠረው በዚህ ወንድም ነው።»

«እንግዲያው ሲወጋሽ አትደነግጪም» አሉና ትተውኝ ሄዱ።

ወደ አመሻሹ ክንዴ ተቧጭሮ ድመት የተጫወተበት መስሏል። ምዜ አዩኝና፣ «ነገ እጀ ረጅም ልበሺ» አሉ። መቀጠሬን ያወቅሁት ከዚህ ቃል ነው።

ምዜ ንጆሮጌ ሩንዳን ቤት ሳይሠራበት ያውቁታል። ያኔ ሁሉም የቡና እርሻ ነበር፤ እናታቸውም እዚሁ ቡና ለቃሚ ነበሩ። ተሰልፈው የቆሙትን ግራቪሊያ ዛፎች እያሳዩ፣ «እነዚህ የቡናው ጥላ ናቸው። ቤቶቹ ናቸው በኋላ በመሃላቸው የገቡት» ይሉኝ ነበር። እርሻው ተሸንሽኖ ሰፋፊ ግቢ ሲሆን፣ ሰዉ ወሰኑን በኮሽም አጠረ። ጊጊሪ ያሉት ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ቢሮዎች ቅርብ ስለሆኑ ተከራዩ ዲፕሎማት ሆነ። አንዱ ተከራይ ጽጌረዳ ይወዳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጽጌረዳውን አስነቅሎ ሣር ያስተክላል። ሰው ይቀያየራል፤ አጥሩ ግን ያው ነው።

ሩንዳ ጸጥተኛ ሰፈር ነው። ሱቅ በየደጁ የለም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ካየህ ወይ ከማታቱ፣ ከሚኒባስ ታክሲው፣ ወርዶ ወደ ሥራው የሚገባ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ውሻውን የሚያናፍስ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በአጥሩ ነው፤ «ያ አጥሩ የተዝረከረከው» ይባላል እንጂ ስም አይጠራም።

ምዜ ጡረታ ሲወጡ መቀሱን ለእኔ ትተው ሄዱ፤ ዋና አትክልተኛ ሆንኩ። ያኔ ግን ዘመኑ የግንብ ሆኖ ነበር። ሰዉ ሌባ ፈርቶ ኮሽሙን እያስነቀለ የድንጋይ ግንብ ያቆማል፤ ከላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘረጋል። መንገዳችን ከቀን ወደ ቀን የእስር ቤት ኮሪደር እየመሰለ ሄደ።

የእኛም አጥር አርጅቶ ነበር። ለዓመታት ከላይ እየሰፋ ስለመጣ ለታችኛው ብርሃን አልደረሰውም። ከጉልበት በታች ባዶ እንጨት ነበር፤ የጎረቤት ውሻ እንዳሻው ይገባል ይወጣል። ውጭ አገር ያለው የማዳም ልጅ፣ «ግንብ ይሠራ» አለ። ኮንትራክተሩ አቶ ኦቲዬኖ ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ጨዋ ሰው ነው፤ እኔንም ሰላም ብሎ መለካት ጀመረ።

ግንቡ ከተሠራ እኔም የሣር አጫጅ ሆኜ መቅረቴ ነው። ማዳም የተቀመጡበት በረንዳ ላይ ወጣሁ።

«ማዳም፣ አጥሩን ልጎንድለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ያረጀ ቡና ከሥሩ ትንሽ ተትቶ ይቆረጣል፤ ከጉቶው አዲስ ያቆጠቁጣል። ኮሽሙንም እንደዚያው ላድርገው።»

«ከዚህ በፊት ኮሽም ጎንድለሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ካልበቀለስ?»

«ግንቡን ያሠሩ። እኔም ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።»

ማዳም ወደ አቶ ኦቲዬኖ ዞሩና፣ «የዝናቡ ወቅት እስኪያልፍ ጠብቀኝ» አሉት።

ለምዜ ንጆሮጌ ደወልኩ። «እኔም ኮሽም ላይ አላየሁትም» አሉ፤ «ቡና ላይ ግን ይሠራል። ከዝናቡ በፊት ቁረጪ። ቁርጡን ሰያፍ አድርጊው፤ ውሃ አይተኛበት።»

እንዳሉት አደረግሁ። ጊዜያዊ የሽቦ አጥር አስወጠርኩ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ በመጋዝና በገጀራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎነደልነው። ጉቶው ሥር ፍግ አፈሰስን፤ በደረቅ ሣርም ሸፈንነው። ስንጨርስ ማዳም ወጥተው አይተው ተመለሱ። ግቢው ራቁቱን ቀረ።

ዝናቡ ዘገየ። ጎረቤቶች መኪና እያቆሙ፣ «ማማ ሳሮን፣ ይህ አጥር ነው ወይስ ማገዶ?» ይሉኛል። ሳሮን ልጄ ናት፤ እዚያ አገር እናት በልጇ ስም ትጠራለች። አክስቴ ወርቅነሽ ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ቆረጥሽው» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የጸለይኩት ለሌላ አልነበረም፤ ለጉቶ ነበር። የማዳም ልጅ በስልክ ሲጨቀጭቃቸው ሰማሁ። «ቃል ሰጥቻታለሁ» አሉትና ዘጉት።

ከዚያ ዘነበ። ያውም እንዴት ያለ ዝናብ! ከቀናት በኋላ ጠዋት ሣሩን ገለጥ ሳደርግ ጉቶው ላይ የክብሪት ራስ የሚያህሉ እንቡጦች አየሁ። ቀጣዩም ጉቶ አለው። ቀጣዩም። በጭቃው እየሮጥኩ፣ «ማዳም! ማዳም!» ስል ጊዜ ሌባ የገባ መስሏቸው በሌሊት ልብሳቸው ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ሲያዩት ጃንጥላውን ጥለው አቀፉኝ። ሁለታችንም በሰበስን።

ባዶ በቀረው ቦታ አጠገቡ ካለው ጉቶ የበቀለውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጌ አፈር አለበስኩት፤ ሥር ሰደደ። ስከረክምም ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ እያደረግሁ ነው። ሌላ ዝናብ፣ ደግሞም ሌላ ዝናብ መጣና፣ አጥሩ ድመት የማያሳልፍ ሆነ።

አቶ ኦቲዬኖ ሊያይ መጣ። ዙሪያውን ዞረና፣ «አንድ ቤት እየሠራሁ ነው፤ የፊቱን አጥር አንቺ ብትይዥውስ?» አለኝ። የራሴን ሥራ የጀመርኩት በዚያ ቤት ነው።

በኋላ የመንገዳችን ነዋሪዎች ስለ አጥር ሊነጋገሩ ማዳም ግቢ ሣሩ ላይ ተሰበሰቡ። አንድ ሰውዬ፣ «እሾህ ሌባ ያቆማል?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጊዜ የጥበቃዎቹ አለቃ፣ በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው፣ «ልሞክረው» ብሎ ተነሣ። የቆዳ ጃኬቱን ቆልፎ ኮሽሙ ውስጥ ገባ። ወገቡ ድረስ ሄደና ቀጥ አለ። ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል። በመቀስ ነው ያወጣሁት። እሱ ወጣ፤ ጃኬቱ እዚያው ቀረ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ፤ አለቃው ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በዚያው ስብሰባ የመንገዱ ፊት ሁሉ በኮሽም እንዲታጠር ተስማሙ። ሥራውም ለእኔ ተሰጠ።

ዛሬ መቀስ የያዙ ሴቶች ቡድን አለኝ፤ ሐበሻም ኬንያዊም። ሳሮን ስልኩን ትይዛለች። «ማሚ፣ ክላየንቱ ሃራካ ብሏል፤ ዛሬውኑ ነይልኝ እያለ ነው» ትለኛለች። እንግዲህ ይጠብቀኝ በይው እላታለሁ፤ አጥር በችኮላ አይሆንም።

ባለፈው ምዜ ንጆሮጌን በመኪናዬ አሳፍሬ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳየኋቸው። በሁለቱም ወገን አረንጓዴ ነው፤ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ረግፏል፤ ወፉ ይንጫጫል። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ብዙ አዩ። «ያንቺ ነው» አሉኝ። አዎ፣ የእኔ ነው።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። የምታውቁትን ሥራ ሌላ ሰው ሊለካው ሲመጣ፣ በረንዳው ላይ ወጥታችሁ ተናገሩ። ዝም ካላችሁ ግንቡ ይሠራል።