በማርያም ቀን የሰመጡ በሬዎች

የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ግድግዳ ስገፋ ዋልሁ። ግድግዳው ስልክ ውስጥ ነው። በጌሙ መንደር ያለውን ቤት ሁሉ እየዞርሁ፣ በጣቴ የምመራትን የጌሙን ሴትዮ ከየግድግዳው ጋር እያላተምሁ፣ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካለ መመዝገብ ነበረብኝ። ማታ እናቴ ምን ስሠራ እንደዋልሁ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኋት። "ለዚህ ነው ዲፕሎማ የያዝሽው?" አለችና እራት አቀረበች።

ሞካሪ ነኝ። ያላለቀ የኢንተርኔት ጌም ከሕዝብ ቀድሜ እየተጫወትሁ የሚበላሸውን እፈልጋለሁ። ይህን የምጽፈው ወደ ሙያው ለምትገቡ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ደግሞ ሳታውቁት ገብታችኋል። "ጌማችን ገና በሙከራ ላይ ነው፣ ቀድማችሁ ተጫወቱ" የሚል መልእክት ደርሷችሁ ደስ ካላችሁ፣ በነጻ ተቀጥራችኋል ማለት ነው። ጣሪያው በደንብ ባልተመታ ቤት ተከራይ አስገብቶ፣ የት የት እንደሚያፈስ ከእሱ እንደመስማት ነው። ልዩነቱ የጌሙ ተከራይ ማመስገኑ ነው።

ያኔ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ሦስት ኮምፒውተር ያላት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ኤርምያስ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ስሜን ተራሮችን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ከካሜራው ፎቶ ወደ ፍላሽ ሊያስገለብጥ ገባ። ጭላዳ ዝንጀሮ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ሁሉም ማሳ፣ ጎተራና በሬ ሆነ። ለካ ከጓደኞቹ ጋር የደጋ ገበሬ ጌም እየሠሩ ኖሯል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ የሚያርስበት፣ ከብት የሚያረባበት፣ የሚገበያይበት።

"አገሩን የሚያውቁ ሞካሪዎች እፈልጋለሁ" አለኝ።

እኔ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በሬ የማውቀው በቅርጫ ነው። "አገሩንማ እናውቃለን" አልሁት።

ከደባርቅም ከዳባትም ስድስት ሰው ሰበሰብሁ። ማዕረጉ ሦስት ነበር፤ ተጫዋች፣ ሞካሪ፣ ዋና ሞካሪ። ኮምፒውተሮቹ የእኔ ስለሆኑ ዋና ሞካሪዋ እኔ ሆንሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ቅጽ ይሞላል፤ ምን አደረግህ፣ ምን ጠበቅህ፣ ምን ሆነ። ከሥሩ ስክሪንሾት ይያያዛል። የመጀመሪያውን ቅጽ የሞላው ከስድስቱ አንዱ፣ ባጃጅ ነጂው ነው። "አረስሁ። በሬው አበደ" ብሎ ላከ።

ኤርምያስ ወዲያው ደወለ። "አበደ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ባለበት ይዞራል ማለቱ ነው።"

"ታዲያ እንደዚያ ብሎ አይጽፍም?"

"አንተስ እንዳያብድ አድርገህ አትሠራውም?"

እንዲህ እየተባባልን ተላመድን።

አንድ ቅዳሜ አያ ሞላ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። የጃናሞራ ገበሬ ናቸው፤ እርጅና ሲጫናቸው ማሳውን ለወንድ ልጃቸው ለቀው ደባርቅ ሴት ልጃቸው ቤት ገብተዋል። እኔ ማመልከቻውን ስጽፍ ዓይናቸው ጎን ካለው ኮምፒውተር ላይ ቀረ።

"ይኼን በሬ ማነው የጠመደው?" አሉ።

"ጨዋታ ነው አያ።"

"ለጨዋታስ ቢሆን ሞፈሩ የታል? ቀንበሩ ወዲያ፣ ማረሻው ወዲህ። ጋኔን ነው እንዴ የሚጎትትላችሁ?"

እውነታቸውን ነው። ሰባት ሰው ሳምንት ሙሉ ስንጫወት ሞፈር እንደሌለ አላየንም። ሳይቀመጡ ሌላም አወጡ። የገብሱ ነዶ ዛላው ወደ ውጭ ሆኖ ተከምሯል። በጉ ወይፈን ያክላል። እረኛው ከብቱን በውርጭ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ያወጣል። ማመልከቻቸውን ረስተው ሄዱ። ሰኞ ሊወስዱት ሲመለሱ ስልክ ሰጠኋቸውና ስምንተኛ ሞካሪ ሆኑ። አዲስ አበባዎቹ ስህተቱን "ባግ" ይሉታል፤ አያ ሞላ ግን "ነቀዝ" አሉት፣ በእኛ ቤት ነቀዝ ሆኖ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ኤርምያስ ራሱ እየደወለ "አባባ፣ ዛሬስ ስንት ነቀዝ ለቀሙ?" ይላቸው ጀመር። እኔን "ሰላም ነሽ?" እንኳን አይለኝም።

የጌሙ ቀን ከእኛው ቀን ጋር እኩል ይሄዳል። ውጭ ሃያ አንድ ከሆነ ውስጥም ሃያ አንድ ነው። አያ ሞላ ከእኛ ጋር በጀመሩ በመጀመሪያው ሃያ አንድ ጌሙን ከፈቱ፣ ገበያ ወጡ፣ በግ ገዙ፣ ጎረቤት ጠየቁ። በሬዎቹን ግን አልነኩም።

"አያ፣ ዛሬ የማረስ ተራዎ ነው" አልኋቸው።

"ዛሬማ ማርያም ናት ልጄ።"

"ጌም ውስጥ እኮ ነው።"

"ማርያም ስልክ አታይም ያለሽ ማነው?"

የሌሎቹም ሃይማኖት በአንዴ ጠነከረ። ከዚያ ወዲያ በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔዓለም በሬ የሚጠምድ ጠፋ። ገበያው፣ ሰርጉ፣ ዝምድናው በበዓል ቀን ይሞከራል፤ እርሻው አይሞከርም። ከዳባት የመጣው መምህር በሚካኤል ሊጠምድ ሲል ታይቶ፣ ጓደኞቹ በጌሙ መጻፊያ ያወረዱበት ስድብ ሳምንት ሙሉ አስኮረፈው።

ቅጹ ላይ ግን "ማረስ፣ በየቀኑ" የሚል ረድፍ ነበር። በሥራ ቀንም በበዓል ቀንም "ተሞክሯል" የሚለው ላይ የራይት ምልክት አደረግሁ፤ ከሥሩም ፈረምሁ። ትናንት ያረሰ በሬ ዛሬ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ኤርምያስ ቃል ገብቶልን ነበር። ጌሙ ለሕዝብ ሲከፈት ያለ ችግር ከሄደ ስምንታችንም ቋሚ እንሆናለን፤ ደባርቅ ላይ የሙከራ ቢሮ ይከፈታል፤ ኃላፊዋ እኔ እሆናለሁ። ካልሄደ ሙከራው ወደ አዲስ አበባ ይዞራል። ይህን ኃላፊነት ምን ያህል እንደፈለግሁት አልደብቅም። ጎረቤቱ ሁሉ በሰላምታ ፈንታ "ዛሬም ስትጫወቺ ዋልሽ?" ይለኝ ነበር። ኃላፊ ተብዬ አፋቸውን ማዘጋት ነበር ሕልሜ።

የመክፈቻውን ቀን ኤርምያስ በፈረንጅ አቆጣጠር ቆረጠው። በእኛ ሃያ አንድ ሆነ። አያ ሞላ "በማርያም መከፈቱ ደግ ነው" ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ስንዱ፣ በሬዎቹ መሬት ገቡ" አለኝ ኤርምያስ።

"የማን በሬዎች?"

"የሁሉም! የጠመደ ሁሉ በሬው ይሰምጥበታል!"

ጌሙን ከፈትሁ። ማሳው ቀንድ አብቅሏል። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ከአፈር የወጣ ቀንድ ብቻ ነው፤ ተጫዋቾቹ በመሃሉ ቆመው ይሳደባሉ። አንዱ "መከሩ መቼ ይደርሳል?" ብሎ ጽፏል። እኔም በበዓል ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመድሁ። ቀንበሩ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ በሬዎቼ እንደቆሙ ቀስ ብለው ወረዱ። ያዘንሁት ግን ለበሬዎቹ ሳይሆን ለራሴ ነው።

ምክንያቱ በዚያው ቀን ተገኘ። ያንን ክፍል የጻፈው ፕሮግራመር የቄስ ልጅ ነው። በበዓል ቀን በሬዎች እንዲያርፉ አድርጎ ጽፏል፤ የሚያርፍ በሬ ቢጠመድ ምን እንደሚሆን ግን አልጻፈም። በማርያም የሚያርስ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። ሠሪውም ሞካሪውም ጨዋ ሆኖ ጌሙ ገደል ገባ።

አያ ሞላ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጡ። ቀንዶቹን አዩ፣ አልደነገጡም።

"እና ምን ይሁን ብለው ኖሯል? በማርያም ጠምደው!"

"አያ፣ ጉድ ሆነናል እኮ።"

"ይኼ ነቀዝ አይደለም፣ ቅጣት ነው። ለኤርምያስም እንዲያ በዪው።"

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ኤርምያስ መልሶ ደወለ፤ ድምፁ አሁን ቀዝቅዟል።

"ስንዱ፣ ቅጹ ፊቴ ነው። ያለፈው ወር ሃያ አንድ፣ ማረስ፣ ተሞክሯል ይላል። ፊርማው ያንቺ ነው። ያኔ በሬዎቹ ደህና ነበሩ?"

"ደህና ነበሩ" ብዬ ብመልስለት ያልቅ ነበር። ጥፋቱ ወደ ፕሮግራመሩ ይዞራል፤ በኋላ የነካካው ነገር አበላሸው ይባላል፤ የቄሱ ልጅ ይባረራል፤ እኔ ኃላፊ እሆናለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልዋሽ አላሰብሁም ብል ውሸት ነው። ያቆመኝ ጽድቅ አይደለም። አያ ሞላ ከፊቴ ቆመው ይሰሙኛል፤ በዚያ ቀን እንዳላረስን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

"አላውቅም" አልሁት። "አላረስንም። በበዓል ቀን አርሰን አናውቅም። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

"ስንት ቀን?" አለኝ።

"በዓሉን ቁጠረው።"

በሬዎቹ በማግስቱ ከመሬት ወጡ። የአያ ሞላ አነጋገር አዲስ አበባ ደርሶ ኖሮ፣ ጌሙ ላይ "በበዓል አይታረስም" የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ በበዓል የተጠመደ በሬም አንገቱን ነቅንቆ እምቢ እንዲል ተደረገ። ተጫዋቹ ስለወደደው ኤርምያስ ሙከራውን ወደ አዲስ አበባ ማዞሩን ተወ። የደባርቅ ቢሮ ተከፈተ፣ ስድስቱም ቋሚ ሆኑ። ኃላፊው አያ ሞላ ናቸው። ኤርምያስ ለእኔ ያለኝ አጭር ነበር፤ "ከእንግዲህ ያንቺን ምልክት ሳይ ልቤ አያምንም።" ተናደድሁ፣ አለቀስሁ፣ ትክክል መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። በሳምንቱ ወደ አያ ሞላ ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ።

"አንድ ክፍት ቦታ አለ። ሰው ሁሉ እምቢ ያለው ነው" አሉኝ።

"ምንድን ነው?"

"በበዓል ቀን የሚያርስ።"

ገባሁበት። በየበዓሉ ጠዋት በሬዎቹን እጠምዳለሁ፣ እምቢ ማለታቸውን አያለሁ፣ ቅጹን እሞላለሁ። አያ ሞላ ከኋላዬ ቆመው ያማትባሉ። "እረሽ ልጄ፣ እኔ ምሕረት እለምንልሻለሁ" ይሉኛል።

ለአዲስ ሞካሪዎች የምለው ይህን ነው። ሰው ሲጫወት የለመደውን ይጫወታል፤ ጌም የሚሰበረው ግን ባልለመደው በኩል ነው። የማታደርጉትን አድርጉት። አላደርግም ካላችሁ ደግሞ ቅጹ ላይ "አልተሞከረም" ብላችሁ ጻፉ። አንዲት ቃል ናት። እኔ እሷን ስላልጻፍሁ የደባርቅ ቢሮ ኃላፊ አይደለሁም።