የዲኗ የመመረቂያ ጽሑፍ

ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው የማይገባባት አንዲት ክፍል አለች። ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ፕሪንተር፣ የጥራዝ መብሻ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ የምትቀመጠውን ሴት ተማሪዎቹ «ዲኗ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ አፈኛ ተማሪ ነው። እውነተኛው ዲን አንድም ተማሪ በመልኩ አያውቅም፤ እሷ ግን ማን ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደቀረ በቃሏ ታውቃለች። ለቀልድ የወጣ ስም ነበር። እሷ ግን ወደደችው፣ መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጽሕፈት የተማረችው በታይፕ ዘመን ነው። ያስተማሯት ሴትዮ ጥብቅ ነበሩ፤ ጣት ሲሳሳት በማስመሪያ ቸብ ያደርጉ ነበር። ከሁሉ አጥብቀው ያስያዟት አንድ ነገር ነው። ጸሐፊ ጽፋ ስትጨርስ ከገጹ ግርጌ በስተግራ የስሟንና የአባቷን ስም የመጀመሪያ ፊደላት በትንሹ ታኖራለች። «ስህተት ቢገኝ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ካማረም እንደዚያው» ይሉ ነበር። ዲኗ ክፍሏን ከፍታ የመጀመሪያውን የመመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ ሁለቱን ፊደላት ከግርጌ አስቀመጠች። ባለቤቱ ተማሪ አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ፣ ይቺን አጥፊልኝ። የራሴ ሥራ አይመስልም» አላት።

አጠፋችለት። ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላስቀመጠችም።

የንግድ ሥራ አመራር የሚባለውን ትምህርት ማንም ሳያስተምራት ተማረችው። የኮሌጁ ትልቁ ክፍል ያ ስለነበር ከሚመጣላት አሥር ጽሑፍ ሰባቱ የዚያ ነው። የተማረችው ግን ወረቀቱ እጇ በገባበት ቅደም ተከተል ነው፤ ማጠቃለያውን ከመግቢያው በፊት፣ የአራተኛ ዓመቱን የስትራቴጂ ትምህርት ከአንደኛ ዓመቱ መግቢያ በፊት። ሰዉ የሚያልፍበትን መንገድ እሷ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምራ መጣችበት። ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር የሚሉትን አራት ቃላት ዓይኗን ጨፍና ትተይባቸዋለች። ገበያ እንዴት እንደሚጠና፣ ሠራተኛ ለምን እንደሚለግም፣ አለቃ ሥልጣኑን ማካፈል ለምን እንደሚፈራ፣ መጠይቅ ስንት ሰው ቢሞላው እንደሚበቃ ጠንቅቃ አወቀች። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ባሏ ከጋራዥ ሲመለስ «ዛሬስ ማንን አቀድሽ? ማንን ተቆጣጠርሽ?» እያለ ያበሽቃታል። አንድ ቀን እራት ላይ የጋራዡ ባለቤት ጥሩ ጥሩ ሠራተኛ ለምን እንደሚሸሸው አንድ በአንድ ብታስረዳው ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ የት አገኘሽው?» አለ። ከዚያ በኋላም ማብሸቁን አልተወም፤ ግን ሲያበሽቃት ኮራ ይል ነበር።

ንጹሕ ነበረች ብዬ ልሟገትላት አልችልም። መጀመሪያ የፊደል ግድፈት አረመች። ቀጥሎ የተሰበረ ዐረፍተ ነገር አቀናች። ቀጥሎ ሐሳቡ ራሱ የተሰበረ ሆኖ ስታገኘው እሱንም አቀናች። ከዚያ «እትዬ ዲኗ፣ አራተኛው ምዕራፍ እኮ አልገባኝም፣ ማስረከቢያው ዓርብ ነው» እያሉ የሚለማመጡ መጡ፤ እሷም አንጀቷ አልችል እያለ ጻፈችላቸው። ከትየባው ዋጋ በላይ አልተቀበለችም፤ ይህን ለራሷ እንደ ጽድቅ ትቆጥረው ነበር። ልቧ ግን ያውቃል። ደስ ይላት ነበር። ያ ሁሉ ያወቀችው ነገር መውጫ ያገኘው በዚያ ብቻ ነው።

ከሁሉም የማትረሳው «ነገ» ብላ የሰየመችውን ልጅ ነው። ረቂቁን አምጣ ስትለው «ነገ»፣ መጠይቁስ ስትለው «ነገ»። በመጨረሻው ሳምንት ባዶ እጁን መጥቶ ወንበሯ አጠገብ ቆሞ አለቀሰ። ስለ ሠራተኛ ተነሳሽነት አጠናለሁ ብሎ አንድ ሠራተኛ እንኳ አላነጋገረም። ዲኗ መጠይቆቹን ባሏ ጋራዥ ወስዳ አስሞላች፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ምዕራፍ በሦስት ቀን ጻፈች። እዚያ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ወጣቻት፤ «ሠራተኛን ተስፋ የሚያስቆርጠው የሥራ ብዛት አይደለም፤ የሠራውን የእኔ ነው ለማለት አለመቻሉ ነው።» ጽፋ ስትጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻት። ከየትም አልቀዳቻትም። ነገ በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ፤ ኮሌጁም ረዳት መምህር አድርጎ አስቀረው።

በዚያ ሰሞን ኮሌጁ የሰነድና የኅትመት ክፍል ኃላፊ ሲፈልግ አመልክታ ነበር። ማስታወቂያውንም የተየበችው ራሷ ናት። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ ማመልከቻዋን አገላብጦ ሳይጨርስ «ሥራውን ከእርስዎ የሚያውቅ የለም፣ ግን ዲግሪ ያስፈልጋል» አላት። ቦታው ሥራውን በቅጡ ለማያውቅ ሌላ ሰው ተሰጠ። ዓመታት አለፉ፣ ቦታውን የያዘው ሰውዬም ጡረታ ሊወጣ ደረሰ። ዲኗ አርባ አራተኛ ዓመቷን ስትይዝ በዚያው ኮሌጅ በቅዳሜና እሁዱ የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ተመዘገበች። ለባሏ ስትነግረው ማብሸቁን ትቶ «እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ እኔ እሠራለሁ፤ የሚመጣውን ግን ችለሽ ትበያለሽ» አላት።

አራት ዓመት ከሁለት ወር ተማረች። የማታውቀው ነገር አልገጠማትም፤ ግን የምታውቀውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ ስታገኘው እንደ ልጅ ፈነጠዘች። የተበተነ ዕቃዋን አንድ ሰው መደርደሪያ ሠርቶ ያሰናዳላት መሰላት። በሦስተኛው ዓመት የንግድ ሥራ ሥነ ምግባርን የሚያስተምራቸው መምህር በር ከፍቶ ገባ። ያ «ነገ» ያለችው ልጅ ነው። ፀጉሩ ከፊት ሸሸት ብሏል፣ መነጽር አድርጓል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲያያት የሰሌዳ መጻፊያው ከእጁ ወደቀ። አንስቶ ሲያበቃ ስለ ታማኝነት አስተማረ። ስሟን ሲጠራ «ወይዘሮ» አላት እንጂ እትዬ አላላትም። ክፍል ውስጥ እንዲያ ነው ወጉ ብላ አልተቀየመችውም።

የመመረቂያ ጽሑፏን በኮሌጅ በር ስለሚገኙ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች አደረገች፤ እንዴት እንደሚተዳደሩ፣ የሚሠሩባቸው ሰዎች ለምን እንደሚደክማቸው። በእግሯ ዞራ አርባ ጸሐፊዎችን አነጋገረች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ መጻፍ ጀመረች። ቃሉ እንደ ጉድ ጎረፈላት። የሚመጡላት ዐረፍተ ነገሮች የቆዩ ወዳጆቿ ናቸው፤ የትኛዋን ለማን እንደሰጠቻት አታስታውስም፣ ግን ሁሉም የእሷ ናቸው። ያቺን ስለ ሠራተኛ ተስፋ መቁረጥ የጻፈቻትን አራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አኖረቻት። በመጨረሻ ቤቷ ገባች ብላ ደስ አላት።

ስህተቷ ይኸው ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለውን ስህተት ልሥራ ቢልም አይችልም።

ኮሌጁ በዚያው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፎችን ከቀድሞዎቹ ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም አስገብቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ተጠራች። ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ሦስት ሰዎች፤ ሰብሳቢው፣ ጡረታቸው የደረሰ አንድ ሽማግሌ መምህር፣ ከዳር ደግሞ ነገ። እሷን ከወዲህ በኩል ብቻዋን አስቀመጧት።

«ወይዘሮ፣ ከጽሑፍዎ ከመቶ ስድሳ አራቱ ከሌሎች ጽሑፎች የተወሰደ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«ከማንም አልወሰድኩም። እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«ሁሉም እርስዎ ቤት የተተየቡ ናቸው። ይሄኛው ዐረፍተ ነገር ለምሳሌ እዚህ ካሉት ከመምህራችን ጽሑፍ ቃል በቃል የተቀዳ ነው።» አነበበላት። ያቺኑ ነው ያነበበላት።

ነገን አየችው። እስክሪብቶውን እየከፈተ ይዘጋል።

ሽማግሌው መምህር ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና «እኔን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አሉ። «ፕሮግራሙ ይሄ ጽሑፍ ከሠላሳ አንድ ሰው ጽሑፍ የተለቀመ ነው ይላል። ከሠላሳ አንድ ሰው የተለቀመ ጽሑፍ መጠጋገኑ ይታያል። ይሄ ግን ዳር እስከ ዳር የአንድ ሰው አነጋገር ነው። እንዴት ነው ነገሩ?»

በሩ ለዲኗ ገርበብ ብሎላታል፤ መግፋት ብቻ ነው የቀረው። ነገ አንድ ቃል ቢናገር ያበቃል። ጠበቀችው።

«ምናልባት…» አለ ነገ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ወይዘሮዋ ለብዙ ዓመታት ሲተይቡ የሰው አጻጻፍ አእምሯቸው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። እኔ ሆን ብለው ያደረጉት አይመስለኝም። ቅጣቱ ቢቀልላቸው እላለሁ።»

ከስድብ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ ያዘነላት መስሎ የራሷን ቃል ለራሷ ትርፍራፊ አድርጎ ሰጣት። አንደበቷ ድረስ መጣ፤ አንተ ልጅ፣ ያንን መጠይቅ ባሌ ጋራዥ ወስጄ ያስሞላሁት እኮ እኔ ነኝ ልትለው። ከዚያስ? እነዚያ ሠላሳ አንዱ ታወሷት። ባንክ የገቡ፣ ልጅ የወለዱ፣ ሠርጋቸው ላይ የጠሯት አሉ። ብትናገር የእነሱም ዲግሪ ገደል ይገባል፤ እሷም ለሰው የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፍ ተብላ በሌላ በር ትባረራለች። ያስተማሯት የሥነ ምግባር ትምህርት ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም። ምላሷን ነክሳ ተቀመጠች። ሽማግሌው ጥቂት ጠበቋትና መነጽራቸውን አወለቁ።

ስትወጣ ነገ ኮሪደሩ ላይ ተከትሎ ደረሰባት። ዙሪያውን ገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ እኮ። ይገባሻል አይደል? ነገ መጥቼ በደንብ እናወራለን።»

«እሺ» አለችው። እንደማይመጣ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም።

ለባሏ የነገረችው በማግስቱ ጠዋት ነው። ገና ስትጨርስ ጃኬቱን አነሳና «ሄጄ አናግረዋለሁ» አለ። አስቀረችው። ሲጨንቀው ወጥ ቤት ገብቶ ያልቆሸሸ ድስት ሲያጥብ ዋለ፤ ያን ቀን ጋራዥም አልሄደ። እሷ አላለቀሰችም፤ ንዴቱ እንባውን ቀድሞ አደረቀው። የተናደደችው በነገ ብቻ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አጥፊልኝ» ሲሏት እሺ ባለችው በራሷ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ለባሏም አልተናገረችም።

ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እያለከለከች ክፍሏ ገባች። የቢሮዋ ፕሪንተር ቀለም ስላለቀበት ወሩን ሙሉ ሥራዋን እዚህ ነው የምታመጣው።

«እናቴ፣ ድረሽልኝ። ቃለ ጉባኤ ነው፣ እስከ አራት ሰዓት ዲኑ ጋ መድረስ አለበት። በእጅ ጽሑፍ ነው የሰጡኝ፤ እኔ ማንበብም አልቻልኩ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ስልኳን አወጣች።

ዲኗ አነበበችው። የእሷው ነው። ተማሪዋ የሌሎችን ሥራ የራሷ አስመስላ በማቅረቧ ጽሑፉ ውድቅ ሆኗል። ለሁለት ዓመት ሌላ ማቅረብ አትችልም። ከታች ለማስረጃ ያቺ ዐረፍተ ነገር ከነባለቤቱ ተጠቅሳለች፤ ባለቤቱ መምህሩ ነው፣ ከነማዕረጉ። የገለበጠው ሰው ቸኩሎ ኖሮ ሁለተኛውን ግማሽ ዘሎታል።

ጸሐፊዋ በስልክ እየሳቀች ታወራለች። ዲኗ ገጹን አስተካከለችና መተየብ ጀመረች። ጣቶቿ ሥራቸውን ያውቃሉ። የተንጋደደውን አንቀጽ አቀናች። ሁለት ጊዜ የተጻፈውን ቀን አንድ አደረገች። ያቺ ዐረፍተ ነገር ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ ከዚያ የጎደለውን ሞላችው፤ «የሠራውን የእኔ ነው ለማለት አለመቻሉ ነው።» የመምህሩን ስምና ማዕረግ እንዳለ ተወችው። ፊርማ ቦታዎቹን አሰመረች።

ከዚያ የኮምፒውተሩን ጠቋሚ ወደ ገጹ ግርጌ አወረደች፣ በስተግራ፣ ከሁሉ በታች። የስሟንና የአባቷን ስም የመጀመሪያ ፊደላት በትንሹ አኖረች።

ሦስት ቅጂ አወጣችና በስታፕለር አያያዘች። ጸሐፊዋ ስልኳን ዘግታ ተቀበለቻት፣ ላይ ላዩን አየችው፣ ግርጌው ላይ ዓይኗ አረፈ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የጸሐፊው ምልክት ነው። ድሮ እንዲያ ነበር የሚደረገው።»

«ዲኑ ምን እንደሚል አላውቅም። አጥፊልኝና እንደገና አውጪው።»

ዲኗ የፕሪንተሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለች። «ቀለም አልቋል» አለቻት።

ጸሐፊዋ ሰዓቷን አይታ ወረቀቱን አቃፊ ውስጥ ከተተችና እየሮጠች መንገዱን ተሻገረች። በኮሌጁ በር እስክትገባ ድረስ ዲኗ ከኋላዋ ታያት ነበር።