ጋሽ ከፈለን ማን ያጉርሳቸው?

ሲስተር ዝማሬ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ውኃው ነው። ቤቱ በእንግዳ ቢሞላም፣ ሰዓቷን ፈትታ ኪሷ ትከትና እስከ ክንዷ ድረስ በሳሙና ትታጠባለች። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ጁባ ውስጥ ጀበል ሰፈር እንደመጣች ኩራተኛ የሚሏት ነበሩ። ነርስነቱን ደሴ ተምራ፣ ባሏን ተከትላ ነው ጁባ የገባችው። ጠዋት ክሊኒክ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ የአገሯን ሰዎች ቤት ለቤት ታስታምማለች።

ያን ሰሞን የምትመላለሰው ጋሽ ከፈለ ዘንድ ነበር። ጋሽ ከፈለ ምግብ ቤት አላቸው፤ ደንበኛን ሳያጎርሱ አይሸኙም። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ሲይዛቸው ጉሮሯቸውም አብሮ ደከመ። ከሆስፒታል እንደወጡ ጠያቂ ያጎረሳቸው ምግብ ሳንባቸው ገብቶ ክፉኛ ታመሙ። ሐኪሙ ለሚስታቸው ለሒሩት፣ «ይህ ከተደገመ ለሕይወታቸው ያሰጋል» አላት። ግን በፍቅር ሊያጎርስ የመጣን ሰው ምን ብላ ትመልሰው? ጨንቋት ነበር።

አንድ ቅዳሜ የጅምላ ነጋዴው ሐቢብ ነጭ ዓባይ ዳር ካለችው ከረጃፍ የመጣ ዓሣ በሩዝ አሠርቶ መጣ።

«ኬፍ፣ ጋሽዬ! እንዴት ነዎት? ተኝተው ነው የሚቀበሉኝ?»

ጋሽ ከፈለ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ሐቢብ ሩዙን በእጁ ሞልቶ ወደ አፋቸው ሲያስጠጋ፣ እየታጠበች የነበረችው ዝማሬ ሮጣ መጥታ በእርጥብ እጇ ክንዱን ያዘችው።

«ምነው ሲስተር! እጄ ምን አለበት? ባዶ ኪሴን ጁባ ስገባ ያጎረሱኝ እኮ እሳቸው ናቸው!»

«እጅህ ምንም የለበትም፤ አተኛኘታቸው ነው። እስቲ ጣሪያውን እያየህ ምራቅህን ዋጥ።»

ሐቢብ አንጋጠጠ። ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ አለ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። «ወላሂ እምቢ አለኝ!»

«አሁን አገጭህን ዝቅ አድርግና ሞክር።»

«ሃ! ወረደ!»

ሒሩት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

ወዲያው ሐቢብ ሥራ ተሰጠው። ጋሽ ከፈለን ከዝማሬ ጋር ሆኖ ሊያስቀምጣቸው የግራ እጃቸውን ሲይዝ፣ «በሰለለው እጃቸው አትጎትት፤ ትከሻቸው ይጎዳል» አለችው። ከጀርባቸው ደግፈው ቀጥ አድርገው አስቀመጧቸው፤ በግራ በኩል ትራስ ደገፉላቸው።

«ሩዙ አፍ ውስጥ ይበተናል፤ ዓሣውም እሾህ አያጣም። እሱን አንተው ብላው።»

«እኔ ልበላ አልመጣሁም» አለ ሐቢብ፤ ሳህኑን ግን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ሒሩት ሆስፒታል እንዳሳዩዋት ወፈር ያለ አጥሚት ሠርታ አመጣች። ሐቢብ እጁን ታጥቦ የሻይ ማንኪያውን ያዘ።

«ግማሽ ማንኪያ። በደህናው በኩል፣ በቀኝ። መዋጣቸውን ሳታይ ሌላ እንዳትጨምር» አለችው ዝማሬ።

ጭነት ሲያስወርድ ገበያውን በጩኸት የሚያናውጠው ሐቢብ፣ ለእያንዳንዱ ማንኪያ የራሱንም አፍ እየከፈተ ቀስ ብሎ አጎረሳቸው። የአጥሚቱ ሳህን ባዶ ሆነ፤ አንዴም አላሳላቸውም። ዝማሬ አፋቸውን አስከፍታ በግራ ጉንጫቸው ውስጥ የቀረ ምግብ እንደሌለ አረጋገጠች።

«አሁን አንድ ነገር ይናገሩ፣ ጋሼ። ምግብ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ድምፅ ይንኮራኮራል።»

ሒሩት ጠጋ ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ጋሽ ከፈለ ከንፈራቸውን ላሱ፤ ከዚያም ጥርት ባለ ድምፅ፣

«ጨው የለውም!» አሉ።

ሒሩት እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። «ለግፊትዎ ነው፤ አይጨመርም» አለች ዝማሬ። ምግቡ ተመልሶ እንዳይመጣ ለግማሽ ሰዓት ቀና ብለው መቆየት ስላለባቸው፣ ሐቢብ አጠገባቸው ሆኖ እንዲጠብቃቸው አዘዘችው።

«ጨው የሌለበት ቤት ማን ይቀመጣል?» አለና ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።