የዳዳቻ የሞተር ጨው

ዳዳቻ ነገሌ ቦረና ላይ ራዲያተር እየሠራ መኖር ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሙያውን ሻኪሶ፣ የወርቅ አጣቢዎችን የውሃ ፓምፕ ሲፈቀፍቅ ተማረ፤ ውሸቱን ግን ማንም አላስተማረውም፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት ነው የወጣው። አንዱን ሾፌር "ራዲያተርህ ውስጥ እንቁራሪት ወልዳለች" ብሎ ግማሽ ቀን አጎንብሶ እንዲያይ ያደረገ ሰው ነው።

ዝገት የሚያጥብበት ነጭ ዱቄት አለው፤ ኦክሳሊክ አሲድ ይባላል። በሞቀ ውሃ አሟሙቶ ራዲያተሩ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ቆይቶ ዝገቱን ይዞ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ያለቀልቃል። ለራሱ ሲሆን ጠንቃቃ ነው፤ ያለ ጓንት አይነካውም፣ ብናኙ እንዳይገባበትም አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል። ለሰው ግን "የሞተር ጨው ነው፤ መኪናም ጨው ካልላሰች ጉልበት የላትም" ይላል። ከብት አርቢ ሁሉ ይስቅለታል። ይባስ ብሎ የሚያስቀምጠው በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጆሮውን የሚቆነጥጠው ጠፋ እንጂ!

አንድ ጠዋት መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ጎረቤቱ አባ ኩራ መጡ። ሽማግሌው የሚኖሩት በአንዲት ላማቸው በዳሌቲ ወተት ነው፤ እሷም ሰሞኑን ጨው አምሯት ግድግዳ ትልሳለች።

"አካም፣ ያ ዳዳቻ! ከሶጊዳህ ጥቂት ልውሰድ?"

ሶጊዳ በኦሮምኛ ጨው ነው። ዳዳቻ ለምሳ እንቁላሉ በወረቀት የጠቀለላትን ጨው የጠየቁት መሰለው።

"ውሰዱ አባ ኩራ፣ ምን ገዶኝ!"

ከመኪናው ሥር ሲወጣ ወረቀቱ እንዳለ ነው፤ የጣሳው ክዳን ግን ተከፍቷል። ክው አለ። ሮጦ አባ ኩራ ግቢ ሲደርስ ዳሌቲ ዱቄቱ ወደተጨመረበት ሳፋ አፏን እያስጠጋች ነበር። ቀንዷን ይዞ ጎተታት።

"መርዝ ነው! አሲድ ነው! ኩላሊቷን ነው የሚጨርሰው!"

"ትናንት ጨው፣ ዛሬ መርዝ? ሂድ ወዲያ! አሲድማ ውሃ ነው፤ የባትሪውን መች አጣሁት? ዱቄት አሲድ የት ታይቷል?"

"አንቱ፣ በዋቃ ይዤዎታለሁ!"

ሽማግሌው ሳቁ። ዳዳቻ በዕድሜው አንዴ እውነት ቢናገር ገዢ አጣ፤ ሊያለቅስ ደረሰ። ወዲያው ሳፋውን ነጠቀና እጃቸውን በብዙ ውሃ አስታጠባቸው። ከዚያ የዛገ ቢላዋቸውን ለምኖ ዱቄቱን በሙቅ ውሃ አሟሙቶ እዚያ ውስጥ ነከረው። ቆይቶ አውጥቶ ሲያጥበው ዝገቱ ለቆ ብረቱ ነጣ።

አባ ኩራ ቢላዋውን አዩ፤ ቀጥሎ የዳሌቲን ምላስ አዩ። ሳቃቸው ጠፋ። ዳዳቻም አፈረ፤ ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል የተባለው ለእሱ ነበር። ያን ዕለት ዱቄቱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ በቀይ ቀለም በአማርኛም በኦሮምኛም "መርዝ፣ ሱሚ" ብሎ ጻፈበትና ቆለፈበት።

በሳምንቱ አባ ኩራ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዘው ጋራዡ መጡ።

"ዳሌቲ ልካልህ ነው።"

ዳዳቻ ደስ ብሎት ወደ አፉ ሲያስጠጋው "ነጭ ስኳር ጣል አድርጌበታለሁ" አሉት።

"የምን ስኳር?"

"የሞተር ስኳር ነዋ!"

ጋራዡ በሳቅ ፈነዳ። ዳዳቻ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"አባ ኩራ፣ የምርዎትን ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ከኪሳቸው አንድ የዛገ ሚስማር አውጥተው ሰጡት።

"ካላመንከኝ ንከረው።"