ያለ ባርኔጣ የተከበረ ፋሲካ

በዚያች የሚሲሲፒ የጥጥ ከተማ የሚስተር ሃርግሮቭ መደብር ከቤተ ክርስቲያን የጠበቀ ሥርዓት ነበረው። ጥቁር ሴት ባርኔጣ በዓይኗ ትመርጣለች እንጂ አትለካም። ከለካች፣ ጠበባትም ሰፋትም፣ ከፍላ ትወስዳለች። ጥቁር ራስ የነካው ባርኔጣ ይበከላላ! ከጡት ማስያዣዋ ሥር በላብ ርሶ የሚወጣው ዶላር ግን ተበክሎ አያውቅም፤ ሃርግሮቭ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ይቆጥረዋል።

አልቨርታ ፒክንስ የነጮችን ልብስ አጥባ የምታድር፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋት መበለት ናት። ያለ ባርኔጣ ደጅ ወጥታ አታውቅም። በልጅነቷ ታይፎይድ መሃል አናቷን መልጦት ጠጉሩ በዚያው ቀረ። ሟች ባሏ እንኳ ያለ ሻሽ አላያትም።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች መከሩ። ሃርግሮቭ መለካት እስኪፈቅድ አንድም ባርኔጣ አይገዛም። ማን ተደብቆ እንደገዛ እንዲታወቅ ደግሞ አሮጌም ቢሆን አድርጎ የሚመጣ የለም፤ ሁሉም በባዶ ራስ! ለእነዚህ ሴቶች በፋሲካ ባዶ ራስ መታየት ራቁት ከመውጣት አይተናነስም።

"እህት አልቨርታ፣ አንቺስ?" አለች ምላሰኛዋ ጎረቤቷ ሞዜል። "ወይስ ያንን የዶሮ ቤት የመሰለ ባርኔጣሽን ተሸክመሽ ልትመጪ ነው?"

"የዶሮ ቤቱን ለባልሽ አሳዪው፤ ማታ ማታ ማደሪያው ይጠፋዋል አሉ።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። መልስ እንዳልሰጠች ግን አልጠፋቸውም።

"እሷ ባርኔጣ ካደረገች እኔም አደርጋለሁ" አለች አንዷ ቀስ ብላ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምክሩ መቆሙም መፍረሱም እንግዲህ በአልቨርታ እጅ ሆነ።

የፋሲካ ጠዋት ሴቶቹ ባርኔጣቸውን በከረጢት ይዘው፣ ላውጣ አላውጣ እያሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተኮልኩለዋል። እንዲህ ያለ ጀግንነት!

አልቨርታ በመንገዱ መሃል መጣች። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጓንት፤ ከግንባሯ በላይ ምንም። ዙሪያውን ያለውን ሽበት በዘይት አብሳ አበጥራዋለች፤ መላጣውን ለመሸፈን ግን አንዲት ዘለላ እንኳ አልሳበችም። ፀሐይ አናቷ ላይ አረፈች።

ሞዜል ከረጢቷን ከኋላዋ ደበቀች። ደጅ ሲጋራ የሚያጨሱት ወንዶች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ምን ያፈጥጣችኋል?" አለች አልቨርታ። "መዝሙር ሊጀመር ነው፣ ግቡ እንጂ!"

ቀድማ ገባች። ከኋላዋ ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ደረጃው ላይ ወደቁ። ሰባኪው መጽሐፉን ገልጦ ቆሞ ነበር፤ የመጨረሻዋ ባዶ ራስ ገብታ እስክትቀመጥ ድረስ ድምፅ ማሰማት አልደፈረም።