ያላመመኝ ሌዘር

የመጀመሪያው ምልክት አለማመሙ ነበር።

ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ወደ እንግዳ መቀበያ ትዛወሪያለሽ ሲሉኝ የአንገቴ ንቅሳት አሳፈረኝ። እናቴ ልጅ ሳለሁ አገር ቤት አንገቴንና ግራ ቁርጭምጭሚቴን አስነቅሳኛለች። ደምበል አካባቢ ያለ የውበት ሳሎን በሌዘር ያጠፋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ሌዘሩን ለምትይዘው ልጅ ስኳር እንዳለብኝ ነገርኳት። "ስኳር ያለበት ስንት ሰው ይመጣል፣ ችግር የለውም" አለችኝ። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ እንሞክረው ብላ ከቁርጭምጭሚቴ ጀመረች።

ቆዳዬ ሲቃጠል ይሸተኛል እንጂ ምንም አልተሰማኝም። "ጀግና ነዎት ማዘር፣ ሌላው ሰው ይጮኻል። ካላመመዎትማ ትንሽ ልጨምረው" አለች። ማዘር መባሉን አልወደድኩትም፤ ጀግና መባሉን ግን፣ ምን ልዋሽ፣ ወደድኩት።

ቦታው ውኃ ቋጠረ፣ ፈረጠ። አልቆጠቆጠኝም፤ በቃ እየዳነ ነው ብዬ በላዩ ካልሲ እያደረግኩ ሥራዬን ሄድኩ። ቂርቆስ አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ አልማዝ አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ ካልሲዬን አነሳች። "እታለም፣ ይሄ ሽታ ምንድን ነው?" እግሬን ገልጣ አየችና ታክሲ ልትጠራ ወጣች።

ሆስፒታል ዶክተሩ፣ "ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን በቀጭን ክር እነካለሁ፤ ሲሰማዎት ይንገሩኝ" አለኝ። ጠበቅሁ።

"ዶክተር፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?"

"ጨርሻለሁ" አለኝ።

ኒውሮፓቲ ነው። ስኳሩ ነርቬን ጎድቶታል። ቁስሉ አጥንት ደርሷል። ጋንግሪን ሆኗል። ከጉልበት በታች ይቆረጣል አሉኝ። ፈራሁ። ፈረምኩ።

ንቅሳቱስ ጠፋ። ከነእግሬ።

ልጅቷን ረገምኩ፣ የሞተች እናቴን ሳይቀር ተቀየምኳት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ በክራንች፣ ኋላም በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ስለምድ ንዴቱም እየበረደ ሄደ። ዶክተሩ በቀኝ እግሬ ትንሽ ስሜት እንደተረፈልኝ፣ እሱን እንደ ዓይኔ እንድጠብቅ ነግሮኝ ስለነበር፣ አልማዝ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ጣቶቼን አንድ በአንድ እየገለጠች ታይልኛለች። እሷ ባትኖር ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም፤ ውለታዋን ከፍዬ አልጨርሰውም።

ስኳር ያለባችሁ፣ ሌዘር ከማሰባችሁ በፊት ሐኪማችሁ ስኳራችሁንም የቆዳችሁን ስሜትም ይመርምር። ማሽኑን የሚይዘው ሐኪም መሆኑን ጠይቁ። ካላመማችሁ ደግሞ አትኩሩ፤ አስቁሙት።

ባለፈው እሑድ አልማዝ የቀኝ እግሬን ጥፍር ስትቆርጥልኝ መቁረጫው ሥጋዬን ያዘው። "ኧረ ቀስ!" ብዬ እግሬን ሰበሰብኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"አመመሽ?"

አመመኝ። ተመስገን፣ አመመኝ።